ከቁርጭምጭሚት በታች

ተክለሚካኤል ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን ሁሉ የሚሰራ ሰው ነበር። እንግልውድ ውስጥ፣ ብሮድዌይ መንገድ ላይ፣ ሚስተር ሆሊስ የሚባሉ ሽማግሌ የከፈቷት አንዲት የካውቦይ ቡትስ ሱቅ ነበረች። እዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ሲቀመጥ ሶሉን፣ ታኮውን፣ የጣቱን ሹል ጫፍ፣ የውስጡን ንጣፍ፣ ባጠቃላይ እግር የሚያርፍበትን ሁሉ የሰራው እሱ ነው። ከብት አርቢውም፣ ጠበቃውም፣ ጡረታ የወጣችው አስተማሪም፣ ከዚያች ሱቅ ቡትስ ያዘዘ ወንድም ሆነ ሴት የሚራመደው በእሱ ስራ ላይ ነበር።

በእጅ የተሰራ ካውቦይ ቡትስ አጥልቆ የማያውቅ ሰው የዚህን ስራ ክብደት ላያውቀው ይችላል። ይህ ቡትስ ማሰሪያ የለውም፤ ዚፕም የለውም። እግር ከላይ ገብቶ፣ በአንገቱ ውስጥ ሾልኮ ወርዶ፣ ቦታው ሲደርስ ቁጭ ማለት አለበት። እግሩን የሚይዘው ከጣቶቹ ኋላ ያለው ጉብታ፣ የእግር ጀርባ የምንለው ቦታ ላይ ያለው ልክ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ልኩ ትንሽ ከሰፋ ተረከዝ እየተነሳ ያስቸግራል፤ ትንሽ ከጠበበ ደግሞ እግር ጭራሽ አይገባም። ተክለሚካኤል ይህንን ልክ ለማምጣት በእግር ቅርፅ በተጠረበው የእንጨት ፎርማ ላይ ስስ ስስ ያሉ ቁራጭ ቆዳዎች በማስቲሽ እየለጠፈ፣ እየፋቀ፣ እንደገና እየለጠፈ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር።

ገዢ ግን ይህንን አያይም። ገዢ የሚያየው ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን ነው፤ አንገቱ ላይ የሚወጣውን ስድስት ረድፍ ስፌት፣ አበባውን፣ ንስሩን፣ የክሩን ቀለም። ፎቶ የሚነሳውም እሱ ነው።

ወደዚያች ሱቅ የገባበት መንገድ ራሱ ያስገርማል። በልጅነቱ መርካቶ ከአጎቱ ጋር ጫማ ይሰፋ ነበር። በስደተኝነት ናይሮቢ ሰንብቶ ዴንቨር ሲደርስ ካፒቶል ሂል ውስጥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ተጋርቶ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን ያጥብ ጀመር። አንድ ቀን በአውቶብስ ወደ ስራው ሲሄድ አንድ ነጭ ሽማግሌ ቡትስ ጭናቸው ላይ አጋድመው የእንጨት ችንካር ሲመቱ በመስኮት አየ። በማግስቱ እዚያው ወረደ። ሽማግሌው «ምን ልርዳህ?» አሉት። እንግሊዝኛው ነገሩን ለማስረዳት አይበቃም ነበርና መዶሻውን በጣቱ አሳያቸው። ትንሽ አዩትና ሰጡት። በወስፌ መብሳት፣ ችንካሩን ማቆም፣ አንድ ጊዜ መምታት፤ መብሳት፣ ማቆም፣ መምታት። አስራ ሁለት ችንካር በአንድ መስመር አስገብቶ ቀና ሲል ሚስተር ሆሊስ ወንበር እየሳቡለት ነበር።

ስፌቱን ግን ሽማግሌው ለማንም አይሰጡም ነበር። ሱቁ መሃል የቆመችው አሮጌ የስፌት መኪና የእሳቸው ነበረች። ሰባ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ዓይናቸው ደከመ። ተክለሚካኤል ያን ጊዜ ምንም ሳይናገር መጠበቅ ጀመረ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ሲዘጋ ቁራጭ ቆዳ ላይ ይለማመድ ነበር። አንድ ቀን አይቶ የማይጠግበውን ስራውን አምጥቶ አሳያቸው። መነፅራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ተመለከቱት።

«መስመርህ ቀጥ ያለ ነው፤ ስህተት የለውም» አሉት። «አበባው ግን የአበባ ካርታ ነው የሚመስለው።»

ተክለሚካኤል ሳቀ። ውስጡ ግን ክው አለ። ቢሆንም ሌላ ሰው ስለሌለ ተስፋ አልቆረጠም።

ስምረት የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ሰላሳ ዓመቷ ነበር። አውሮራ ትኖራለች፤ ሆስፒታል ውስጥ በነርስ ረዳትነት ትሰራለች። የመጣችው የክረምት ጫማዋ ሶሉ ተገንጥሎ ነው። ተክለሚካኤል አማርኛ የምትናገር ደንበኛ በማግኘቱ ደስ ብሎት እስኪጠግንላት ድረስ ሱቁን አስጎበኛት። የስፌት መኪናዋ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። እናቷ ጉለሌ የሀበሻ ቀሚስ ጥላፊ እንደሆኑ፣ እሷም እስክትመጣ ድረስ አብራቸው ትጠልፍ እንደነበር ነገረችው።

«ልሞክረው?» አለችው።

«ሞክሪው እንጂ» አላት። ቁራጭ ቆዳ ሰጣት። ክሩን ራሱ አጠለቀላት።

አስር ደቂቃም አልሆነ። ቆዳው ላይ አንዲት ሐረግ ወጣች፤ ከታች ቀጠን ብላ ተነስታ፣ ተጠምዝዛ፣ ጫፏ ላይ ቅጠል አበቀለች። ሚስተር ሆሊስ ከወንበራቸው ተነስተው መጥተው ከኋላዋ ቆሙ። ምንም አላሉም። ተክለሚካኤል ግን የሽማግሌውን ዝምታ ያውቀዋል። በእሱ ስራ ላይ እንዲህ ዝም ብለው አያውቁም።

ያቺን ቀን ኋላ ላይ ደጋግሞ ያስባታል። ያስገባት እሱ፣ ቆዳውን የሰጣት እሱ፣ ክሩን ያጠለቀላት እሱ።

ስምረት በመጀመሪያ በእረፍት ቀኗ ትመጣ ነበር። በስድስት ወሯ ሆስፒታሉን ለቃ ሙሉ ቀን የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ ላይ የለመደችውን ዓይነት ንድፍ ቡትስ አንገት ላይ ስታወጣው ያየ ሁሉ ይደነግጣል። ከወዮሚንግ ድረስ እየነዱ የሚመጡ ሴቶች ነበሩ። አውሮራ ያለው ሀበሻም ያን ጊዜ ነው ስለ ቡትስ ማውራት የጀመረው። ጥር ላይ ዴንቨር ውስጥ የከብትና የፈረስ ትርኢቱ፣ ስቶክ ሾው የሚሉት፣ ሲደርስ ሱቁ እዚያ ጠረጴዛ ነበረው። በፊት ሰው ቆም ብሎ ቆዳውን ዳብሶ የሚያልፍበት ጠረጴዛ ያን ዓመት መተላለፊያ ጠፋበት። «የሰራችው እሷ ናት?» ይላሉ ወደ ስምረት እየጠቆሙ። ተክለሚካኤል ከጎኗ ቆሞ ሳጥን ያቀብል ነበር። አንድ ሰውዬ እንዲያውም ሾፌሯ መስሎት መኪና የት ፓርክ እንደሚደረግ ጠየቀው።

በሳምንቱ አንድ የሰፈር ጋዜጣ ፎቶዋን አወጣው። ስምረት መሃል፣ ሚስተር ሆሊስ በስተቀኝ፣ መሃላቸው ቀይ ቡትስ። በስተግራ ጥጉ ላይ የአንድ ሰው ክርን ይታያል። ክርኑ የተክለሚካኤል ነበር። ሽማግሌው ፎቶውን ፍሬም አድርገው ከእሱ የስራ ወንበር ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ተንኮል አስበው አልነበረም፤ ሚስማር የነበረው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተክለሚካኤል ቤቱ ሲገባ ወሬው ሁሉ ስምረት ሆነ። ዛሬ ስምረት ክር አባከነች፤ ዛሬ ስምረት አርፍዳ መጣች፤ ዛሬ አንዲት ሴት ስምረትን አቅፋ ሳመቻት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ሚስቱ ዘርፈሽዋል ሊትልተን ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሰራው። ልጃቸው ሔርሜላ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ራት የሚበሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ዘርፈሽዋል ሁለት ወር ሙሉ ሰማችው። በሶስተኛው ወር ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ዛሬስ ምን ለብሳ ነበር?» አለችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ሌላውን ሁሉ ታውቃለህ እኮ።»

በሳምንቱ፣ በእረፍት ቀኗ፣ ዘርፈሽዋል ምሳ ቋጥራ ሳትጠራ ሱቁ መጣች። ፀጉሯን ተሰርታለች፤ ለክርስትና የምትለብሰውን ጃኬት ለብሳለች። ስምረት ተነስታ «እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ» ብላ ወንበር ሰጠቻት። ዘርፈሽዋል አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ልጅቷንም አየች፤ ባሏንም አየች። ከዚያ ብዙ ሳትናገር ሄደች። ማታ ባሏ ጃኬቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ያዘችው።

«ወደሃት መስሎኝ ነበር» አለችው።

«ማንን?»

«ስሟ ከአፍህ አይወጣም፤ ሄጄ ልያት ብዬ ነው የመጣሁት። አንተ ግን የልጅቷን ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለህ አላየህም። የምታየው እጇን ነው። መርፌው ሲወርድ ጥርስህን ትነክሳለህ። ትቀናባታለህ ተክሌ።»

«እኔ? ልጄ በምትሆን ልጅ?»

«ብትወዳት ይሻለኝ ነበር» አለች ዘርፈሽዋል። «እሱን እንዴት እንደማደርገው አውቃለሁ። ይህንን ግን ምን እንደማደርገው አላውቅም።»

ተክለሚካኤል ተቆጥቶ ራት ሳይበላ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። ቁጣው ግን እውነቱን ከሰማ ሰው የሚወጣ ዓይነት ነበር።

መጋቢት ላይ ኮከብና ቃለአብ የሚባሉ እጮኛሞች መጡ። ሁለቱም ያደጉት አውሮራ ነው፤ ለመልሳቸው ቀን ሁለቱም ቡትስ ማድረግ ይፈልጋሉ። ለእሱ ቡናማ፣ ለእሷ ነጭ፣ አንገቱ ላይ ወርቃማ ጥልፍ ያለው። ስምረት ኮከብን በባዶ እግሯ ወረቀት ላይ አቆመቻት፤ ዙሪያውን በእርሳስ ነደፈች፤ በሜትር አምስት ቦታ ለካች። መሃል ላይ ስልክ ተደወለ። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ እያወራች ልኩን ጨረሰች።

ወረቀቱ ለተክለሚካኤል የደረሰው በማግስቱ ነው። ልማዱ ነበርና እያንዳንዱን ቁጥር በአመልካች ጣቱ እየነካ አነበበ። የእግር ጀርባው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ስምንት ከሩብ ኢንች ይላል፤ በግራም በቀኝም። ተክለሚካኤል ልጅቷን በባዶ እግሯ ቆማ አይቷታል። የእግሯ ጀርባ ከፍ ያለ ነው፤ ዘጠኝ ከሩብ ቢሆን እንጂ ስምንት አይሆንም። ስምረት ዘጠኙን ስምንት ብላ ፅፋዋለች።

ስምረት ከእሱ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ መኪናዋ ላይ ነበረች። ነይ እስቲ ማለት ብቻ ነው። ስንት ጊዜ ብሏታል። በእሷ ትከሻ አሻግሮ ግን ያ ፍሬም ይታየዋል፤ ክርኑ ይታየዋል። የተፃፈውን መስራት ነው የእኔ ስራ አለ በሆዱ። እስቲ አንድ ጊዜ ይታይ። ጣቱን ከቁጥሩ ላይ አነሳና ፎርማ ሊመርጥ ተነሳ።

ቡትሱ ሶስት ሳምንት ፈጀ። በነዚያ ሶስት ሳምንታት በየቀኑ መናገር ይችል ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቀላል ነበር። በሶስተኛው ቀን፣ ትናንት ለምን አልነገሩኝም የሚል ጥያቄ ያመጣል ብሎ ተወው። በሳምንቱ ቆዳው ፎርማው ላይ ተወጥሮ ነበር። እሱም ከምንጊዜውም በላይ ተጠንቅቆ ሰራው፤ ችንካሩ እንደ ሩዝ ተደርድሮ፣ ታኮው ተወልውሎ። ስራው እንዲህ ያማረ ሆኖ አያውቅም፤ የሚገባበት እግር ግን የለም።

ኮከብ ልትለካው የመጣችው ከእናቷና ከቃለአብ ጋር ነው፤ ሰርጉ አስራ አምስት ቀን ቀርቶታል። ነጩን ቡትስ ስታየው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተቀምጣ እግሯን አስገባች። እግሯ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ስምረት ዱቄት ነሰነሰችበት። አልሆነም። ቃለአብ ተንበርክኮ ከታች ገፋ፤ እሷ ከላይ ሳበች፤ ተረከዟ ከፍ ብሎ እዚያው ቀረ። ስምረት ወረቀቱን አነሳች፤ ሜትሯን አውጥታ የኮከብን እግር እንደገና ለካች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለች። «ልኩን ተሳስቼ ነው የፃፍኩት።»

ሚስተር ሆሊስ ወረቀቱን ከእጇ ተቀበሉና ወደ ተክለሚካኤል ዞሩ። እሳቸው ቴክ ነው የሚሉት።

«ቴክ፣ ይህን ወረቀት አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ» አለ። «ስህተቱን ግን ልብ አላልኩትም።»

ሽማግሌው ረዘም አድርገው አዩትና ወረቀቱን አስቀመጡት። ስምረት የኮከብን እጅ ይዛ ለመልሷ ቀን እንደምታደርስላት ቃል ገባችላት። እንዴት እንደምታደርስ ግን እሷም አታውቅም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ወደ ጓዳ ገባች፤ የቧንቧ ውሃ ብዙ ሲፈስ ተሰማ።

ተክለሚካኤል የጠበቀው ደስታ አልቀረም፤ መጣ። ስምረት ስትሳሳት ሰው አየ፤ ሚስተር ሆሊስ አዩ። ግን ደስታው አንድ ጉንጭ ውሃ ያህል እንኳ አልቆየም። የቧንቧው ድምፅ እየቀጠለ ሲሄድ ያነሳውን መዶሻ መልሶ አስቀመጠው።

የዚያን ዕለት ራት ላይ ስለ ስምረት ምንም አላወራም። ዘርፈሽዋልን ይህ ነው ያስደነገጣት። «ምን ሆነች?» አለችው። ሁሉንም ነገራት፤ ጣቱ ቁጥሩ ላይ ከቆመበት ጀምሮ። አላቋረጠችውም።

«ልጅቷ ምንህን ወሰደችብህ?» አለችው ሲጨርስ።

ተክለሚካኤል መልስ ፈለገ። መኪናዋ የእሱ ሆና አታውቅም። ፎቶውም የእሱ አልነበረም። «ምንም» አለ በመጨረሻ። «እንዲያው ያየሁትን ሁሉ የወሰደችብኝ ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ነገ ቀድመህ ግባና ንገራት። ከእኔ ጋር አልቅሰህ እንዳይወጣልህ።»

በማግስቱ ማልዶ ሲደርስ ስምረት ቀድማው ገብታ ነጩን ቡትስ ታገላብጥ ነበር። በሩ ላይ ቆመ።

«ስምረት፣ ቁጥሩን አይቼው ነበር።»

ቀና አላለችም። «አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ጣትዎ ሲቆም አይቻለሁ። ሌላ ጊዜ ጣትዎ ከቆመ፣ ነይ እስቲ ይሉኛል። ያን ቀን አልጠሩኝም። እኔም ትክክል ነው ማለት ነው ብዬ ስራዬን ቀጠልኩ።»

ተክለሚካኤል ይህንን አላሰበውም ነበር። ዝምታውን እንደ ማረጋገጫ ቆጥራው ነበር።

«ለምን ጋሽ ተክሌ?»

«ቀናሁብሽ» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ሌላ ሰው ቀናብኝ ብሎ ያውቃል እንጂ ስለ ራሱ ተናግሮት አያውቅም።

«በእኔ? እኔ እኮ እርስዎ የሚሰሩትን መስራት አልችልም።»

«ሰው የሚያየው የአንቺን ነው።»

ስምረት ቡትሱን አስቀመጠችው። ዓይኗ አብጧል። «እኔ ሳልፈራ የምሰራው ከእኔ በኋላ የእርስዎ ዓይን አለ ብዬ ነበር» አለች። «ብሳሳት እሳቸው ያዩታል እላለሁ። ከእንግዲህ ምን ብዬ ልመን?»

ተክለሚካኤል ከቆመበት በር ወደ ውስጥ ገባ።

«ለሚስተር ሆሊስ ይንገሯቸው» አለችው። «እኔ አልናገርም።»

ሽማግሌው ሲመጡ ነገራቸው። መነፅራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ ሰሙት።

«ማየትህንማ አውቃለሁ» አሉ። «ሃያ አንድ ዓመት አንድ ቁጥር አምልጦህ አያውቅም። የጠየቅኩህ እንድትነግረኝ ነበር።» መነፅራቸውን አደረጉ። «አንገቱ ይተርፋል?»

«ይተርፋል።»

«ስንት ቀን?»

«አስራ አንድ።»

«እንግዲያው ቁጭ በል» አሉት፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

የሰራውን በገዛ እጁ ማፍረስ ጀመረ። እንደ ሩዝ የደረደራቸውን ችንካሮች አንድ በአንድ በጉጠት ነቀለ፤ ሶሉን አላቀቀ፤ የፊቱን ቆዳ ከጥልፉ አንገት ለይቶ ጣለው። አዲስ ፎርማ አዘጋጅቶ በዘጠኝ ከሩብ ልክ ቆዳ ለጠፈበት። አዲሱን የፊት ቆዳ ከአንገቱ ጋር የምትሰፋው ስምረት ስለሆነች በየመሃሉ ቡትሱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይሄዳል። አስራ አንዱን ቀን ስምረት ከቁጥር በቀር አላናገረችውም። የስፌቱን መስመር ለክታ «ሰባት ከግማሽ» ትለዋለች፤ «ሰባት ከግማሽ» ይላታል። ሁለት እሁድ ከቅዳሴ መልስ ገብቶ ሰራ። በአስራ አንደኛው ቀን ኮከብ መጥታ እግሯን አስገባች። እግሯ ሾልኮ ወርዶ ቦታውን ሲይዝ የሚሰማውን ያችን ትንሽ ድምፅ ሁሉም ሰሙት። ስምረት ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

መልሱ አውሮራ ውስጥ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ነበር። ተክለሚካኤልና ዘርፈሽዋልም ተጠርተው ሄዱ። ኮከብ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ስትጨፍር ወርቃማው ጥልፍ በየመብራቱ ያበራል። ወጣቶቹ ስልካቸውን ወደ እግሯ አውርደው ቪዲዮ ያነሳሉ። ብዙም ሳይቆይ ስምረት የተቀመጠችበት ጠረጴዛ በሴቶች ተከበበ፤ አንዷ ለእህቷ ሰርግ፣ አንዷ ለልደቷ፣ አንዷ ለባሏ።

ኮከብ ላብ በላብ ሆና መጥታ ከተክለሚካኤል አጠገብ ዕረፍት ወሰደች።

«ጋሼ፣ ካደረግኩት ጀምሮ አላወለቅኩትም» አለችው። «እግሬ ላይ መኖሩንም ረሳሁት።»

ለሱ ዓይነት ሰው ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። እግር የረሳው ቡትስ ነው የሰራው። ተክለሚካኤል ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀላት እንጂ ዓይኑ እዚያ ማዶ የስምረት ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ስንት ሴቶች እንደከበቧት እየቆጠረ። ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ኮልፋክስ መንገድ ላይ መብራት ይዟቸው ቆመው ሳለ ነው የሙሽራዋ አባባል ትርጉሙ የገባው።

በቀጣዩ ዓመት ሚስተር ሆሊስ ስራ በቃኝ አሉ። የስፌት መኪናዋንም፣ ፎርማዎቹንም፣ ቆዳውንም ለሁለቱ ትተው አብራችሁ ስሩ አሏቸው። ስምረት አውሮራ፣ ሃቫና መንገድ ላይ ቦታ አገኘች። ስሙን «ስምረት ቡትስ» ልትለው አሰበች፤ ደንበኛ የሚመጣው በዚያ ስም እየጠየቀ ስለሆነ። ተክለሚካኤል «ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ወገቤን አሞኛል ብሎ ቤቱ ተቀመጠ። ቆየት ብሎም ኤርፖርት የመንገደኛ ማመላለሻ መንዳት ጀመረ። ወገቡ ለመንዳት አላስቸገረውም።

አምስት ወር እንዲህ ነዳ። መንገደኛ ቡትስ አድርጎ ሲወጣ በመስታወቱ ሶሉን ያየዋል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስምረት ቤቱ መጣች። ብርቱካን ይዛ ነበር። ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ቀጥታ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«የቀጠርኩት ሰው አልሆነልኝም ጋሽ ተክሌ። ስድስት ጥንድ ተመለሰብኝ።»

«ስድስት?» አለ። «ችንካሩ እንዴት ነው?»

«ይወጣል።»

«ተረከዙስ?»

«ይላቀቃል። ሶስቱ ተረከዙን ነው የወቀሱት።»

«የእግር ጀርባውስ?»

ዘርፈሽዋል ከኩሽና በር ላይ ሆና ባሏን ታየው ነበር። «ተክሌ፣ መጀመሪያ ፈገግታህን አጥፋ» አለችው። «ከዚያ መልስላት።»

ስምረት ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ተክለሚካኤልም አፍሮ ፊቱን በእጁ አሸ።

«ስሙን ልቀይረው?» አለችው። «የእርስዎንም ላስገባ። አስቤበታለሁ።»

ተክለሚካኤል ከብርቱካኑ አንዱን አነሳ። ልቡ እሺ በል ይለዋል። ግን ስሙ እዚያ ላይ ቢወጣ ከስሟ በፊት ይሁን በኋላ እያለ ሲያሰላ ራሱን ያዘ። «ተይው፤ ሰው የለመደውን አትንኪበት» አለ። «ከቻልሽ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ስፌት አስተምሪኝ።»

«እርስዎም ችንካር ያስተምሩኛል።»

«እሺ።»

ሰኞ ጠዋት ሃቫና መንገድ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ስድስቱን ጥንድ አፍርሶ መልሶ ሰራቸው። ስምረት ያን ጊዜም ሙሉ በሙሉ አላመነችውም። ለብዙ ወራት የምትፅፈውን ልክ ሁለት ጊዜ ትለካለች፤ ወረቀቱን ስትሰጠውም ጣቱ ከላይ እስከታች እስኪወርድ ድረስ ከአጠገቡ አትሄድም። እሱም አልተቀየማትም።

ፎቶ ሊያነሱ የሚመጡ ሰዎች አሁንም አሉ። ሲመጡ ተክለሚካኤል ምሳውን ይዞ ወደ ኋላ በር ይወጣል። ቤት ሲገባ ለዘርፈሽዋል «ዛሬም አነሷት» ይላታል። እሷም «አመመህ?» ትለዋለች። «ትንሽ» ይላታል። ከዚያ ስለ ሊትልተን ሽማግሌዎቿ ታጫውተዋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን በሩን ቆልፈው ቦታ ይቀያየራሉ። እሱ መኪናዋ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ መዶሻውን ትይዛለች። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ቅጠል፣ ስምረት ዝም ብላ ያየችለት አንዲት ቅጠል፣ ሰርቷል። እሷ ደግሞ ችንካር መምታት ጨርሶ አይሆንላትም፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይጋደልባታል። ተክለሚካኤል መነፅሩን አድርጎ ጎንበስ ይልና ጠማማዎቹን አንድ በአንድ እየነካ ይቆጥራቸዋል። በየአንዳንዷ ጠማማ ችንካር ደስ ይለዋል። ስምረትም ይህንን ታውቃለች፤ «ስንት ሆነ?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ደስታውን ሳይደብቅ ቁጥሩን ይነግራታል።